ፎርክሊፍትና ሰው በአንድ መጋዘን፦ አደጋው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚከላከሉት

2.5 ቶን ማንሳት የሚችል ፎርክሊፍት (በሹካ ዕቃ የሚያነሳ ማሽን) ባዶውን ከ3.5 እስከ 4 ቶን ይመዝናል። ጭነቱ ሲጨመር ከ6 ቶን ያልፋል። ይህ ሁሉ ብረት የሚሄደው ጆንያ የተሸከመ ጫኝና አውራጅ፣ መዝገብ የያዘ የንብረት ክፍል ሠራተኛና ደረሰኝ የሚጠብቅ የመኪና ረዳት በሚተላለፉበት መንገድ ነው። አደጋ ሲደርስ ጣት የሚቀሰረው ኦፕሬተሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው እሱ ቁልፍ ሳያዞር ነው፦ መተላለፊያው ሲቀየስ፣ ፓሌቱ (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ) ሲደረደር፣ «ዛሬን እንደምንም እንጨርሰው» ሲባል። ስለዚህ ከታች ያለው ለኦፕሬተሩ ብቻ አይደለም፤ ለመጋዘን ኃላፊው፣ ለካቦውና በእግሩ እየተመላለሰ ለሚሠራው ሁሉ ነው።

ለምን ይገለበጣል

ፎርክሊፍት አራት ጎማ ቢኖረውም የሚቆመው በሦስት ነጥብ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎቹ ናቸው። ሦስተኛው የኋላ አክስሉ ከቻሲሱ ጋር የተያያዘበት የመሐል ፒን ነው። ሦስቱን በመስመር ቢያገናኟቸው ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ሰፊው ጎኑ ከፊት፣ ጠባቡ ጫፍ ከኋላ። የማሽኑና የጭነቱ የጋራ የክብደት መሐል ከዚህ ሦስት ማዕዘን እስካልወጣ ድረስ ማሽኑ ይቆማል። ወደ ፊት ካለፈ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳል፣ ወደ ጎን ካለፈ ማሽኑ በጎኑ ይተኛል።

ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር የክብደት መሐሉ አብሮ ይወጣል፤ ያኔ ትንሽ የወለል ዝንባሌ ወይም ትንሽ የመሪ ማዞር ይበቃዋል። ጭነት ወደ ላይ ሰቅሎ የሚጓዝ ፎርክሊፍት ካዩ ያስቁሙት። በጉዞ ላይ ሹካው (ጭነቱን የሚሸከሙት ሁለት የፊት ብረቶች) ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ማለት፣ ማስቱም (ሹካው የሚወጣበትና የሚወርድበት ቋሚ ብረት) ወደ ኋላ ጋደል ማለት አለበት።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ባዶ ፎርክሊፍት ከተጫነው ይልቅ በጎኑ ለመውደቅ ይቀለዋል። ባዶ ሲሆን ክብደቱ ወደ ኋላ፣ ማለትም ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት ይሸሻል። ኦፕሬተሩ ደግሞ «ባዶ ነኝ» ብሎ ተማምኖ በፍጥነት ይታጠፋል። ጭነቱን በሰላም አድርሶ ሲመለስ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽኑ መውደቅ ሲጀምር ደመነፍስ «ዝለል» ይላል፤ የሚገድለውም ይኸው ዝላይ ነው። ሰው የሚዘለው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ወደሚወድቅበት ጎን ስለሆነ ከራስ በላይ ያለው የብረት ጣሪያ ደረቱ ወይም ጭንቅላቱ ላይ ያርፋል። ተቀምጠው በሚነዱት ፎርክሊፍት ላይ ትክክለኛው ነገር ከማሽኑ ጋር መቆየት ነው፦ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ እግርን ወለሉ ላይ መትከል፣ ሰውነትን ከሚወድቅበት በተቃራኒ ማዘንበል። ይህ የሚሠራው ቀበቶ ከታሰረ ብቻ ነው። ቆመው የሚነዱትና ከኋላ በኩል የሚገቡበት ዓይነት ግን ይለያል፤ እዚያ ላይ ወደ ኋላ ወርዶ መራቅ ነው የሚሻለው። ኦፕሬተሩ የሚነዳው የትኛውን እንደሆነ ከነመውጫው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

«በቀን መቶ ጊዜ ስለምወርድ ቀበቶ አላስርም» የሚል ኦፕሬተር ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ያኔ መታረም ያለበት የሥራው አደረጃጀት ነው። ወረቀት የሚቀበል፣ ፓሌት የሚያስተካክል፣ በር የሚከፍት ሌላ ሰው ይመደብ፤ ኦፕሬተሩ መቀመጫው ላይ ይቆይ።

የአቅም ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለተኛው ቁጥር

ከመሪው አጠገብ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ላይ «2500 ኪሎ» የሚለውን ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው። ሙሉው «2500 ኪሎ በ500 ሚሊ ሜትር» ነው። 500 ሚሊ ሜትሩ ከሹካው ቋሚ ክፍል እስከ ጭነቱ የክብደት መሐል ያለው ርቀት ነው። በአሜሪካ መጋዘኖች የሚገኙት ማሽኖች ብዙውን ጊዜ 24 ኢንች ይላሉ፤ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ፎርክሊፍት ከሱቅ ሚዛን የሚለየው እምብዛም አይደለም፤ መደገፊያው የፊት አክስሉ ነው። ከአክስሉ መሐል እስከ ሹካው ቋሚ ክፍል በዚህ መጠን ማሽን ላይ ወደ 480 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ የሚችለው 2500 ኪሎ በ980 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ሲባዛ 2,450,000። ጭነቱ ወደ ፊት በሸሸ ቁጥር ይህንን ቁጥር ለአዲሱ ርቀት ያካፍሉት።

በሲሚንቶ እንየው። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 40 ሲደረደር 2000 ኪሎ ነው፤ 20 ኩንታል። የእንጨት ፓሌቱ 25 ኪሎ ቢሆን 2025 ይመጣል። ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ፓሌት እስከ ሹካው ጀርባ ድረስ ገብቶ ከተቀመጠ የክብደት መሐሉ 600 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። 2,450,000ን ለ1080 ሲያካፍሉ 2268 ኪሎ ስለሚወጣ ማሽኑ ይችለዋል። ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ሹካውን ሙሉ በሙሉ ሳያስገባ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢተውስ? መሐሉ 750 ላይ ይሄዳል፣ የሚቻለውም 1992 ኪሎ ይሆናል። ያው ጭነት፣ ያው ማሽን፣ አሁን ግን ከአቅም በላይ ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ወይም ቧንቧ በጫፉ በኩል ከተነሳ መሐሉ 1000 ላይ ስለሚወድቅ ከ1655 ኪሎ በላይ አይሞከርም።

ይህ ስሌት ነገሩ እንዲገባዎት እንጂ በሰሌዳው ምትክ እንዲያገለግል አይደለም። ማስቱ ከፍ ሲል አቅሙ ከዚህም ይወርዳል፤ የጎን ማንሸራተቻ፣ ማሽከርከሪያ ወይም የሹካ ማራዘሚያ ከተገጠመለትም እንዲሁ። አዲስ መገጣጠሚያ ተገጥሞ ሰሌዳው ካልተቀየረ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። ሰሌዳው ከጠፋ ወይም በቀለም ከተሸፈነ ማሽኑ ሥራ አይግባ።

የኋላ ጎማው መነሳት ሲጀምር ሁለት ሦስት ወጣት ጠርቶ ማሽኑ ጀርባ ላይ ማስቆም የተለመደ «መፍትሔ» ነው። ሦስት ሰው 200 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ጭነቱ አንድ ጊዜ ሲንሸራተት ወይም ማሽኑ ሲነጥር ግን ሦስቱም መሬት ላይ ናቸው፤ የኋላ ጎማው የሚመለሰውም እነሱ ላይ ነው። የኋላው ጎማ ተነሳ ማለት ጭነቱ መከፈል አለበት ማለት ነው።

ጠዋት ቁልፍ ከመዞሩ በፊት

ፍተሻው አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በመለኪያ፣ መጨረሻ በሞተር።

1. ማሽኑን ዞረው ይዩ። ያደረበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አለ? ጎማው ላይ ስንጥቅ፣ የተቦጨቀ ቦታ ወይም የላላ ቡሎን አለ? የአየር ጎማ ከሆነ በአንድ ጎን የወረደ ንፋስ ብቻ ከላይ ያልነውን ሦስት ማዕዘን ያዘነብለዋል።

2. ሹካውን መታጠፊያው ላይ ይመርምሩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የጋደመው ክፍል ወለል እየፋቀው ይሳሳል፤ ቋሚው ክፍል ግን አይሳሳም፣ ስለዚህ ሁለቱን በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለክተው ያነጻጽሩ። አዲስ ሳለ 40 ሚሊ ሜትር የነበረ ሹካ 36 ሲደርስ ይጣላል። አሥር በመቶ ውፍረት ማጣት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መታጠፍን የሚቋቋመው ኃይል በውፍረቱ ስኩዌር ስለሆነ ከአቅሙ ሃያ በመቶ ገደማ ይሄዳል። የሁለቱ ሹካ ጫፎች የከፍታ ልዩነት ከርዝመታቸው 3 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለ1200 ሚሊ ሜትር ሹካ 36 ሚሊ ሜትር ነው። የተሰነጠቀ ሹካ በመንደር ብየዳ ቤት አይበየድም። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፤ ከብየዳው አጠገብም እንደገና ይሰበራል።

3. ሰንሰለቱ። ሲያረጅ ይረዝማል፤ አዲስ ሳለ 300 ሚሊ ሜትር የነበረ የሰንሰለት ክፍል 309 ሲደርስ ይቀየራል። ይህ መለኪያ በየቀኑ ሳይሆን በየጥገናው ነው። በየቀኑ የሚታየው ሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል መወጠራቸው፣ ዝገትና የደረቀ መገጣጠሚያ ነው። ጣት ማስቱ ውስጥ አይገባም።

4. የሃይድሮሊክ ቱቦ። ፍንጣቂ ከተጠራጠሩ ካርቶን ያሳልፉበት፣ እጅዎን አይደለም። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትና ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ብቻ ስለሚመስል ሰውየው ሥራውን ይቀጥላል፤ በሰዓታት ውስጥ ግን እጁን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት ባያምም በዚያው ሰዓት ወደ ቀዶ ሐኪም ይሄዳል።

5. አሁን ያስነሱት። ክላክስ፣ መብራት፣ የኋላ ማርሽ ድምፅ፣ የእግርና የእጅ ፍሬን፣ መሪ። ማስቱን እስከ መጨረሻ ያውጡት፣ ያውርዱት፣ ያጋድሉት። እየነጠረ ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚወጣ ማስት ዘይት ጎድሎታል ወይም ሮለሩ አልቋል።

ጉድለት ሲገኝ ቁልፉ ይወሰዳል፣ ማሽኑ ላይ ማስታወቂያ ይንጠለጠላል። ፎርሙ ላይ «ፍሬን ደካማ» ብሎ ጽፎ ማሽኑን ለሥራ መልቀቅ ካለመጻፍ የባሰ ነው፤ ድርጅቱ አውቆ እንዳለፈው ማስረጃ ይሆናል።

ሰውና ማሽን

በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ዝግ ያለ ይመስላል። በሰከንድ ግን 2.8 ሜትር ነው። ሰው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚያ የተጫነ ማሽን ለመቆም ሌላ 2.5 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ ከ5 ሜትር በላይ። በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድምሩ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ኦፕሬተሩ በኃይል ከረገጠ ደግሞ ማሽኑ ቢቆም እንኳ ጭነቱ ሹካው ላይ አይቆምም። ሰው በሚመላለስበት ቦታ ፍጥነቱ ከእግር ጉዞ መብለጥ የሌለበት ለዚህ ነው።

ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው። ሹካው ወደ ግራ ሲዞር ጀርባው በሰፊው ወደ ቀኝ ይወጣል። አጠገቡ የቆመ ሰው የሚያየው ከፊት ያለውን ጭነት ነው፤ የሚመታው ግን ጀርባው ነው። እግር፣ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት የሚደቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ከግድግዳ ወይም ከመደርደሪያ ጋር የሚጣበቁ ሰዎችም እንዲሁ። ጎን ለጎን እየተራመዱ ከኦፕሬተሩ ጋር መነጋገር፣ የተቆለለ ጆንያ እንዳይወድቅ በእጅ ደግፎ አብሮ መሄድ፣ በተሰቀለ ሹካ ሥር ማለፍ፦ ሦስቱም ይከለከሉ። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ከሹካው ሥር አይታለፍም፤ ቱቦ ሲፈነዳ ሞተሩ መጥፋቱን አያይም።

መተላለፊያ ሲቀየስ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ የሚመክረው ስፋት ከትልቁ ማሽን በ3 ጫማ፣ ማለትም በ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ነው። ሁለት ማሽን የሚተላለፍበት ከሆነ ስፋቱ የሁለቱ ድምር ላይ መጨመር አለበት። ካልበቃ መንገዱን የአንድ አቅጣጫ ያድርጉት። ቢጫ መስመር ጥሩ ነው፣ ግን ቀለም ማሽን አያቆምም። ከቢሮ፣ ከመጸዳጃና ከሻይ ቤት የሚወጣ በር በቀጥታ ወደ ማሽኑ መንገድ የሚከፈት ከሆነ ሰው ሁለት እርምጃ ዞሮ እንዲወጣ የሚያስገድድ የብረት አጥር ይቁም። ለብረት በጀት የሌለው መጋዘን በአሸዋ የተሞላ በርሜል በመደዳ ያቁም፤ ማሽን በፍጥነት ቢመጣ ላያስቆም ይችላል፣ ሰው አቋርጦ እንዳይወጣ ግን ያደርጋል።

ከሁሉ የሚረክሰው መፍትሔ ሰዓት መለያየት ነው፤ ብዙዎች የሚንቁትም እሱን ነው። ጫኝና አውራጆች በሦስተኛው ክፍል ጆንያ እየቆለሉ ከሆነ ፎርክሊፍቱ እነሱ እስኪወጡ እዚያ አይገባም። ካቦው አንድ ሰንሰለት ይዘረጋል፣ ሲጨርሱ ያነሳዋል። በዚህ ይጠፋል ተብሎ የሚፈራው ጊዜ በተግባር ሲታይ ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ሰው እስኪለቅለት ክላክስ እየነፋ ቆሞ የሚያጠፋውም ጊዜ ነውና።

ጭነቱ ዓይን ከከለለ ኦፕሬተሩ ወደ ኋላ ይንዳ፤ ዞሮ እያየ እንጂ በመስታወት ብቻ ተማምኖ አይደለም። በእግር የሚያልፍ ሰው ደግሞ ኦፕሬተሩ ዓይኑን እስኪያየውና ማሽኑ እስኪቆም ይጠብቅ። ክላክስ «አየሁህ» ማለት አይደለም።

ሰው በሹካ ወይም በፓሌት ተነስቶ አምፖል አይቀይርም፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃም አያወርድም። ለዚህ የተሠራ አጥር ያለው ማንሻ ሳጥን አለ፤ ከማስቱ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፣ ኦፕሬተሩ ከመቀመጫው አይነሳም፣ ሰው ሳጥኑ ውስጥ እያለም ማሽኑ ከቦታው አይንቀሳቀስም። እሱ ከሌለ መሰላል ያምጡ።

ኦፕሬተሩ ከ25 ጫማ፣ ማለትም ከ7.6 ሜትር በላይ ከራቀ ወይም ማሽኑን ማየት ካልቻለ በኦሻ ደንብ ማሽኑ «ጠባቂ የሌለው» ነው። ሹካው መሬት ይነካል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይገባል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ቁልፉን ኪስ ውስጥ ማስገባቱ ደግሞ «እስኪ ልሞክራት» የሚለውን ልጅ ያስቀራል።

መኪና ላይ ሲጫን

ተሳቢ ውስጥ ተገብቶ ሲጫን ሁለት ነገር ይከሰታል። አንድም ሾፌሩ «አለቀ» ብሎ መኪናውን ያንቀሳቅሳል፤ አለዚያ ማሽኑ በገባና በወጣ ቁጥር ተሳቢው በትንሽ በትንሹ እየተገፋ ይርቃል፣ መሸጋገሪያ ብረቱም ከጠርዙ ይወድቃል። ሁለቱንም የሚያስቀረው ታኮና ቁልፍ ነው። ከኋላ ጎማዎች በሁለቱም በኩል ታኮ ይግባ፤ ድንጋይ ይንሸራተታል። የመኪናው ቁልፍ ለመጋዘን ኃላፊው ይሰጥና የሚመለሰው የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ይሁን። ከጎታቹ የተፈታ ተሳቢ ከሆነ ፊቱ በድጋፍ ይያዝ፤ ማሽኑ እስከ ውስጥ ሲዘልቅ አፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ወለሉንም በእግር ገብተው ይመርምሩ። የተጫነ ፎርክሊፍት አብዛኛውን ክብደቱን የሚያሳርፈው በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ ስለሆነ የበሰበሰ ጣውላ ሰው ቢችል እሱን አይችልም።

በአዲስ አበባ እንደሚታዩት ብዙ መጋዘኖች መሸጋገሪያ መድረክ በሌለበት ማሽኑ ከመሬት ሆኖ በመኪናው ጎን ያነሳል። እዚህ የሚጎዳው መኪናው ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ሹካው አንዱን ፓሌት ሲገፋ የማዶው ፓሌት በሌላው ጎን ይወድቃል፤ ሰውየውም አብሮ። ሹካው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መኪናው ላይ ሰው አይኑር፣ በማዶው ጎንም ማንም አይቁም።

በዳገትና ቁልቁለት ላይ ሕጉ አጭር ነው። የተጫነ ማሽን ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዞራል፦ ሲወጣ ወደ ፊት፣ ሲወርድ ወደ ኋላ። ባዶ ማሽን ተቃራኒው ነው፤ ሹካው ወደ ቁልቁለቱ ይሁን። ዳገት ላይ መታጠፍ የለም። ሲወጣ ጭነቱ ዓይን ከከለለ መንገድ መሪ ሰው ይቁም፤ ግን ከማሽኑ በታች አይደለም።

መደርደሪያና ክምር

መደርደሪያ ቋሚው ትንሽ ሲጎብጥ «ምንም አይል» ይባላል። ቀጭን የብረት ቋሚ ግን ጭነት የሚሸከመው ቀጥ ብሎ እስከቆመ ብቻ ነው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 15635 ቀላል መለኪያ አለው፦ 1 ሜትር ቀጥ ያለ ማስመሪያ የተመታውን ቦታ መሐል አድርገው ቋሚው ላይ ያስደግፉ። በአግዳሚዎቹ አቅጣጫ የጎበጠው ከ5 ሚሊ ሜትር፣ ወደ መደርደሪያው ጥልቀት የጎበጠው ከ3 ሚሊ ሜትር፣ የአያያዥ ብረቶቹ መጉበጥ ከ10 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ እስከ እጥፉ ከሆነ ያለው ጭነት ከወረደ በኋላ እስኪጠገን ድረስ እንደገና አይጫንም። ከእጥፉ ካለፈ ወዲያው ይራገፋል። ማሽን መደርደሪያ ሲነካ ኦፕሬተሩ ሳይፈራ የሚናገርበት ሁኔታ ካልተፈጠረ ይህ ሁሉ መለኪያ ዋጋ የለውም፤ ደመወዝ የሚቆርጥ ድርጅት የተመታውን ቋሚ የሚያውቀው ሲወድቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ሽሮፕሻየር አንድ መጋዘን ውስጥ አይብ የተቆለለባቸው መደርደሪያዎች ተንደው አንድ የፎርክሊፍት ኦፕሬተር ለስምንት ሰዓት ያህል ከሥሩ ተቀብሮ በሕይወት ወጥቷል። እዚያ ላይ የታየው አንዱ መደርደሪያ ቀጣዩን እየጎተተ እንደሚሄድ ነው።

መደርደሪያ በሌለበት፣ የቡና ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቆለል፣ እንደ ጡብ ይጠላለፍ፤ የላይኛው የታችኛውን ሁለት ጆንያ መገጣጠሚያ ይሸፍን። ወደ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ክምር ክምር አይደለም። ሲቀነስ ከላይ እየተወረደ እንጂ ከሥር እየተመዘዘ አይሁን። የተሰበረ እግር ያለው ፓሌት ተለይቶ ይጣል፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲሰበር ከሥሩ ማን እንደሚኖር አይታወቅም።

ባትሪና ጭስ

በአሲድ የሚሠራ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል፤ ጋዙ ቀላል ስለሆነ የሚጠራቀመው ጣሪያ ሥር ነው። ክፍት አየር፣ ክዳን የተከፈተ ባትሪ ቤት፣ ሲጋራም ብየዳም የሌለበት ቦታ ይመረጥ። የተጣራ ውሃ የሚጨመረው ከተሞላ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከጨመሩ ሲሞላ ፈልቶ አሲድ ይፈስሳል። ዓይን ውስጥ የገባ አሲድ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠብ። በጋዝ፣ በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ማሽን ደግሞ በሩ በተዘጋ መጋዘን አይነሳ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለው ወደ ውጭ ያውጧቸው።

ሰው ሲጎዳ

ሞተሩን ያጥፉ፣ ሌላውን ማሽን ሁሉ ያስቁሙ፣ ስልክ ይደውሉ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በኤምሬትስ 998፣ በሳዑዲ 997፣ በአውሮፓ 112። የተቋሙ ግቢ ሰፊ ከሆነ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይምራ።

እግር ወይም እጅ ማሽን ሥር ከተያዘ ሰዓቱን ይመልከቱና ይጻፉት። ከ15 ደቂቃ በታች ከሆነና በደህና ማንሳት ከተቻለ ወዲያው ይለቀቅ። ከዚያ ካለፈ ሐኪም እስኪደርስ ባይነሳ ይሻላል፤ ደም ሳይደርሰው የቆየ ጡንቻ ሲለቀቅ የሚለቅቀው ፖታሲየም ልብን ሊያቆም ይችላል። የሚፈስ ደም ግን አይጠብቅም፤ በንጹህ ጨርቅ በኃይል ይጫኑት። አንገትና ወገብ የተመታ ሰው በትከሻና በእግር ተይዞ ፒክአፕ ላይ አይጫን።

ከዚያ ቦታው ሳይነካ ይቆይ። ፎቶ ይነሳ፦ የሹካው ከፍታ፣ የአቅም ሰሌዳው፣ የጎማ ምልክት፣ የዕለቱ የፍተሻ ፎርም። የምስክሮች ስም በዚያው ቀን ይጻፍ፤ በማግስቱ ሁሉም የሰማውን ነው የሚያወራው።

በኢትዮጵያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ መሥራትም እንደዚያ ይቆጠራል። ስለዚህ መመሪያው በጽሑፍ መሰጠቱና መፈረሙ ለሁለቱም ወገን ትርጉም አለው፤ ያለቀበቶ መንዳት ካሳ ሊያሳጣ ይችላል። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖች፦ ከ18 ዓመት በታች ፎርክሊፍት መንዳት ክልክል ነው። አሠሪው ኦፕሬተሩን በክፍልም በተግባርም አሠልጥኖ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይገመግመዋል፤ አደጋ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ከደረሰ፣ ወይም የማሽኑ ዓይነት ከተቀየረ ሥልጠናው ይደገማል። ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሆን ስላለበት እንግሊዝኛው ከከበደዎት በአማርኛ ወይም በአስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሳይገባዎት «ገብቶኛል» ብለው አይፈርሙ። ሰው ከሞተ አሠሪው ለኦሻ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ፣ የአካል ክፍሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑን ካጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ይህ ሪፖርት ስለተደረገ ወይም እርስዎ ስለተናገሩ መባረር ሕገ ወጥ ነው፤ አቤቱታው ለኦሻ የሚቀርበው ግን በ30 ቀን ውስጥ ስለሆነ አይዘግዩ።